ያልተነበበው መስመር

ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ብረት በብረት ሲመታ ነው። ፕሮግራመሯ ሰምታዋለች፤ መስማት ብቻም አይደለም፣ ሳታስበው ቆጥራዋለች። ሦስት ጊዜ፤ ትንሽ ዝም፤ ከዚያ ሁለት ጊዜ፣ ደከም ብሎ። ዓይኗ ግን ከስክሪኑ አልተነቀለም። ቀለም ፋብሪካ ውስጥ ብረት የማይንኳኳበት ሰዓት የለም፤ በርሜል ይንከባለላል፣ ቧንቧ ይፈታል፣ ክዳን ይገጠማል። «ደግሞ በጠዋቱ ምን ይቀጠቅጣሉ» አለችና የአውራ ጣቷን ጥፍር ነከሰች።

ከዚያ የአደጋ ደወሉ ጮኸ።

ወንበሯን ገልብጣ ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ የመቀላቀያው ክፍል በር ተበርግዶ ዓይን የሚያቃጥል ነጭ ትነት ይተፋል። ከትነቱ ውስጥ ፎርማኑ ወጣ፤ አፍና አፍንጫውን በእርጥብ ጨርቅ አስሮ፣ ሽማግሌውን ቀማሚ በብብቱ ይዞ እየጎተተ። የሽማግሌው አንድ እግር ጫማ ወልቋል። በቀኝ እጁ የጨበጠውን መፍቻ ግን አልለቀቀውም።

«ጋሼ!» አለች።

ሠላሳ ዓመት ቀለም የቀመመው፣ ፋብሪካው በሙሉ «ጋሼ» የሚለው ሰውዬ አልመለሰላትም። መፍቻውን ስታይ የኳኳታው ነገር ገባት። ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተዘረፈጠች።

የመጣችው ኢንስፔክተር አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ሃምሳን የተሻገረች ሴት ናት። ባልደረቦቿ በሌለችበት «ወፌ ቆመች» ይሏታል፤ ወንበር ቢለምኗት አትቀመጥማ። እየተዘዋወረች ትጠይቃለች፣ እየተዘዋወረች ትሰማለች፤ አብሯት ያለ ሰው አንገቱን ሲያዞር ይውላል።

ሥራ አስኪያጁ ኮሪደሩ ላይ ያለውን የጋራ ኮምፒውተር ከፍቶ ጠበቃት። ሁሉም ሠራተኛ ትእዛዝ የሚጽፈው እዚያ ላይ ነው።

«ኢንስፔክተር፣ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ባይለፉም ይሻል ነበር» አላት። «ገዳዩ እዚህ ሳጥን ውስጥ ነው።»

«ያስተዋውቁኝ እንግዲህ።»

በጣቱ አንድ መስመር አሳያት፤ «ቀ ማጠንከሪያ 2,500 ሊ» ይላል።

«ሁለት ሊትር ተኩል ማለት ነው። ጋሼ በወጣትነቱ በተማረበት አገር ነጥብን በኮማ ነው የሚጽፉት፤ እሱም ያንን አመል ሳይተው ኖረ። ማሽኑ ግን ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብሎ አነበበው። የማጠንከሪያውን ኬሚካል ታንከር እንዳለ የቀለሙ ጋን ላይ ገለበጠ፤ ጋኑ ፈላ፤ ሰውዬው በትነቱ ውስጥ በሩ ጠፋበትና ታፈነ። አለቀ።»

«ማራገቢያ የለም?»

«አለ፤ የኤሌክትሪኩ ብሬከር ግን ወድቋል። ሁሌም ይወድቃል።»

«ማሽኑን ማን ሠራው?»

ሥራ አስኪያጁ ወለሉ ላይ ወደተቀመጠችው ልጅ ዞሮ ተመለከተ። ከአጠገቡ የቆመችው የእቃ ግምጃ ቤቷ ስቶር ኪፐርም ዞረች፤ ፎርማኑም ቀይ ዓይኑን ወደዚያው መለሰ። ፕሮግራመሯ ሰማይ የተደፋባት መሰላት።

«ሪፖርቱን ጽፌያለሁ» አለ ሥራ አስኪያጁ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በቸልተኝነት የሰው ሕይወት ማጥፋት ነው የሚባለው አሉ። ትፈርማለች፤ የቀረው የሕግ ነው።»

እስር ቤቱን አሰበችው፤ አስፈራት። ከእስር ቤቱ የባሰ ግን አንድ ጥያቄ ነበር፤ ደረቷን እንደ አይጥ የሚቧጥጣት። በእርግጥ የእኔ ፕሮግራም ነው? ጋሼን የገደልኩት እኔ ነኝ?

ኢንስፔክተሯ ከላይ ሆና አየቻት። «ተነሺ ልጄ። ወለል ላይ ተቀምጦ የሚፈረም ነገር የለም። ነይ፣ እንደ ደንቆሮ አስረጂኝ። እኔ ስልኬን እንኳ የምትከፍትልኝ ልጄ ናት።»

ፕሮግራመሯ ቢሮዋ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቀምጣ ሁለት ጊዜ ተነሳች። ኢንስፔክተሯ ደግሞ በመስኮቱና በበሩ መካከል ትመላለሳለች። ሁለት ዕረፍት ያጡ ሰዎች በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ናቸው።

«እዚህ ቤት ሁሉም ሰው ቁጥር የሚጽፈው እንደየአመሉ ነው» አለች ፕሮግራመሯ። «ጋሼ ኮማ ሲጽፍ ነጥብ ማለቱ ነው። እትዬ ሺ ኮማ ስትጽፍ…»

«እትዬ ማን?»

«ስቶር ኪፐሯ። ሺ ቁጥር በጣም ስለምትወድ ነው። እሷ ኮማ የምታደርገው ሺን ከመቶ ለመለየት ነው። ሥራ አስኪያጁ በፊደል ይጽፋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ መስመር ፊት የጸሐፊው ምልክት ይደረጋል፤ ቀ ቀማሚው፣ እ እቃ ግምጃ ቤት፣ ፎ ፎርማኑ። ፕሮግራሙ ምልክቱን ያይና ለዚያ ሰው አጻጻፍ የተሠራውን አንባቢ ይጠራል፤ የራሱ አንባቢ የሌለው እንደ ደንቡ መጻፍ አለበት።»

«አንባቢ? ውስጡ ሰው አለ እንዴ?»

ሳትፈልግ ፈገግ አለች። «ትንሽ ፈንክሽን ናት። ጽሑፍ ትቀበላለች፤ ከሁለት አንዱን ትመልሳለች። ወይ ቁጥሩን፤ ወይ ‹አላነበብኩም፣ ምክንያቱም እንዲህ ነው› የሚል ቃል። መገመት ክልክል ነው። ምልክት የሌለው መስመር ከመጣ የታንከሩ ቫልቭ አይከፈትም።»

«እሺ። ያኮረፈች ቀንስ?»

«አታኮርፍም! ትናንትን አታስታውስም፣ ሰዓት አታይም፣ ከውጭ ምንም ነገር አትነካም። ፈንክሽናል የሚባለው አሠራር ዋና ነገሩ ይሄ ነው። ያንኑ ጽሑፍ ሺ ጊዜ ቢሰጧት ሺ ጊዜ ያንኑ መልስ ነው የምትሰጠው። ካልሆነ…» ጥፍሯን ነከሰች። «ካልሆነ እኔ ነኝ።»

ኢንስፔክተሯ ቆመች። መቆሟ ራሱ የሚያስደነግጥ ነበር።

«አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር» አለች። «ከካርቶን የቆረጠው የሱሪ ቅድ ነበረው። አንድ ደንበኛ ‹የዛሬው ሱሪ ጠበበኝ› ብሎ ሲጮህበት አባቴ አይጨቃጨቅም፤ ቅዱን ያወጣና በሜትር ይለካዋል። ቅዱ ያው ከሆነ ‹ወንድሜ፣ ጨርቁን ሰው ነክቶታል፤ አለዚያም አንተ ወፍረሃል› ይለዋል። በይ፣ እንለካ። ያንን መስመር ስጪያት።»

ፕሮግራመሯ መስመሩን እንዳለ አስገባችው። መልሱ መጣ፤ 2.5። ደገመችው፤ 2.5። አሥር ጊዜ ደጋገመችው። ሁለት ተኩል፣ ሁለት ተኩል፣ ሁለት ተኩል።

«ታዲያ ጠዋት ምን ነክቷት ነው?» አለ ከበሩ ላይ ሥራ አስኪያጁ። ጆሮውን ጥሎ ሲሰማ ቆይቷል። «የንባቡን ዝርዝር አሳዪያት እንጂ፣ ምን ትደብቂያለሽ?»

አሳየቻት። የዛሬ ጠዋት የማጠንከሪያ ንባቦች አራት ናቸው።

1:05 — 2.5
1:27 — 2.5
1:31 — 2500
1:36 — 2.5

«ይኸው! አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ። እብድ ማሽን ነው የሠራችልን!»

«መስመር በተጻፈ ወይም በተነካ ቁጥር ይነበባል» አለች ፕሮግራመሯ፤ ፊቷ አመድ መስሏል። «የሚሠራው የመጨረሻው ብቻ ነው። ጋሼ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ‹ልቀቅ› የሚለውን ቁልፍ ሲጫን ቫልቩ ይከፈታል። ዛሬ የተጫነው 1:33 ላይ ነው።»

«ራሱ?»

«ራሱ። ሁሌም አፍንጫውን ጋኑ ላይ ደፍቶ እያሸተተ ነው የሚጫነው።»

ኢንስፔክተሯ ከንፈሯን መጠጠች። «ዝርዝሩ ቁጥሩን እንጂ የተጻፈውን አይዝም?»

«አይዝም። ያልተነበበ ከሆነ ግን ጽሑፉን እንዳለ ለብቻው ያስቀምጠዋል።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

ፕሮግራመሯ አሰበች። «እኔ። ለሌላው ስክሪኑ ላይ ‹አልተነበበም› የሚል ብቻ ነው የሚታየው፤ ከዚያ ይጠፋል።»

«ጌታዬ፣ እባክዎ በሩን ከውጭ በኩል ይዝጉልን» አለች ኢንስፔክተሯ ለሥራ አስኪያጁ፣ ፈገግ ብላ። ሲወጣም ወደ ልጅቷ ዞረች። «ክፈቺው።»

ከዛሬ ጠዋት አንድ መስመር ብቻ ነበር።

1:24 — «ማጠንከሪያ 2500ሊ» — ምክንያት፦ ጸሐፊው አልታወቀም።

ፕሮግራመሯ መስመሩን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ከዚህ በፊት ያልተነበቡትን ሁሉ አትሚልኝ» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ? ከሦስት መቶ በላይ ናቸው።»

«እኔ እንደሁ አልቀመጥ። ቆሜ አነባቸዋለሁ።»

ወረቀቱን እያነበበች ኮሪደሩን አምስት ጊዜ ተመላለሰችበት። የብሬከሩ ሳጥን ዘንድ ቆመችና የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን አስጠርታ አንድ ነገር ጠየቀችው። የውሃ ቧንቧው የት እንደሆነ ጠየቀች፤ ከግቢው ማዶ ነው አሏት። ሰዓቷን እያየች ሄዳ ተመለሰች። ፕሮግራመሯ እንደ ጥላ ትከተላታለች፤ መቀመጥ አቅቷታል።

«ከነገርሽኝ ኳኳታ በፊት ምን ሰማሽ?» አለቻት በድንገት።

«ምንም።»

«ምንም እንዴት ያለ ነው? ይህ ቤት እኮ እስካሁን ጆሮዬን ሲበላኝ ነው የዋለው።»

ፕሮግራመሯ ዓይኗን ጨፈነች። «ማራገቢያው… ማራገቢያው ቆሞ ነበር። ዝም ሲል አላስተዋልኩትም። ኳኳታው የጠራው ለዚያ ነው።»

«ጎሽ» አለች ኢንስፔክተሯ፤ ጎሽ ያለችበት ድምፅ ግን ደስታ የለውም።

እትዬ ሺ የስቶሯ በር ላይ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ትጠርጋለች። ትልቅ ሴት ናት፤ ለቅሶዋም እንደ እሷው ትልቅ ነው።

«ከሟቹ ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«ታዲያስ! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስንጣላ! ‹ኮማሽን ሰብስቢ› ይለኛል፣ ‹አንተ የራስህን ሰብስብ› እለዋለሁ። ዛሬ ከማን ጋር ልጣላ እንግዲህ? ንገሪኛ!»

«ቅዳሜ ግን ከሌላ ሰው ጋር ነው የተጣላው አሉኝ።»

እትዬ ሺ ነጠላዋን አወረደች። ግራ ቀኝ አየች። «ከእኔ እንዳልሰማሽው ነው። ቅዳሜ ሻይ ሰዓት ላይ ጋሼ የቅመማ ደብተሩን ለዚህች ልጅ እንደሚሰጣት ተናገረ፤ ማሽኑ ውስጥ ትክተተው ብሎ። ፎርማኑ አሥራ አንድ ዓመት ደብተሩን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው፤ ደሙ ፈላ። ‹እኔስ?› አለው። ጋሼ ደግሞ አፉ አያርፍም፤ ‹አንተን እንኳን እኔ ማሽኑም አላነበበህም› አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።»

«አንቺስ?» አለች ኢንስፔክተሯ ወደ ፕሮግራመሯ ዞራ።

«አልነበርኩም» አለች ልጅቷ። የምላሷን ጫፍ ነከሰች። ነገሩን ገና አሁን መስማቷ ነበር።

ፎርማኑ የጋሼን ጫማ ይዞ ከጓሮው ደረጃ ላይ ተቀምጧል። አርባ ዓመት የሞላው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ ነው።

«እንደ አባቴ ነበር» አለ ሳይጠየቅ።

«ደወሉ ሲጮህ የት ነበርክ ወንድሜ?»

«ከመኪኖቹ ዘንድ፣ ከደጅ። ደወሉን ሰምቼ ሮጥኩ፤ በሩን ከፈትኩ፤ ጎተትኩት። አልደረስኩለትም።»

«ኳኳታ አልሰማህም?»

«ከዚያ አይሰማም።»

«ጀግና ነህ። ዓይንህም ተቃጥሏል። ሐኪም ይይልህ» አለችውና ትከሻውን ቸብ አድርጋ አለፈች።

ፕሮግራመሯ ኮሪደሩ ላይ እጇን ያዘቻት። «ኢንስፔክተር፣ እሱ እኮ ሊያድነው ነው የገባው። እኔ ቁጭ ብዬ ስሰማ እሱ…»

«ልጄ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ሁሉንም ሰብስቢልኝ።»

የተሰበሰቡት ናሙና ክፍል ውስጥ ነው። ግድግዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ በትናንሽ የቀለም ካርዶች ተሸፍኗል። ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቱን ጠቅልሎ ይዟል፤ እትዬ ሺ ሁለት ሰው የሚይዘውን ወንበር ለብቻዋ ይዛለች፤ ፎርማኑ ጥግ ላይ ነው። ፕሮግራመሯ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ እግሯ ከጠረጴዛው ሥር እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይርገበገባል። ሁለት ፖሊሶች ከውጭ ቆመዋል።

ኢንስፔክተሯ ለእያንዳንዳቸው ብጣሽ ወረቀት አደለች።

«ከመጀመራችን በፊት አንድ ትንሽ ነገር ጻፉልኝ። ‹ማጠንከሪያ፣ ሁለት ሊትር ተኩል›። ቁጥሩን እንደለመዳችሁት።»

«ፈተና ነው እንዴ? ከተማርኩ ስንት ዘመኔ!» አለች እትዬ ሺ፤ ግን ጻፈች። ወረቀቶቹ ተሰበሰቡ። ኢንስፔክተሯ አንድ በአንድ አየቻቸውና ጠረጴዛው ላይ አኖረቻቸው። ከዚያ መመላለስ ጀመረች።

«ጠዋት ይህች ልጅ አንድ ነገር አስተማረችኝ። ያንኑ ጽሑፍ የሰጠሃት አንባቢ ያንኑ መልስ ትሰጣለች። ማሽኑን አሥር ጊዜ ለካነው፤ አሥር ጊዜ ሁለት ተኩል አለ። እንግዲህ ማሽኑ ካልተለወጠ የተለወጠው ጽሑፉ ነው። አሁን ፋይሉ ላይ ያለው መስመር 1:31 ላይ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ተብሎ የተነበበው መስመር አይደለም።»

«ግን ሌላ መስመር እኮ የለም!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«የለም፤ ምክንያቱም 1:36 ላይ ሰው ነክቶታል። እርስዎ ማሽኑ ያበደ የመሰልዎት ያ የመጨረሻው 2.5 እኮ የሰው እጅ ነው። መስመር ካልተነካ አይነበብም። ጋሼ 1:33 ላይ ቁልፉን ተጭኗል። 1:36 ላይ በመፍቻ ቧንቧ እየመታ ነበር፤ ወይም መምታቱን ትቶ ነበር። ታዲያ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ የሚጽፈው ማን ነው?»

ወረቀቶቹን ወደ ጠረጴዛው መሃል ገፋቻቸውና ቀጠለች።

«ከመጀመሪያው እንነሳ። 1:05 ላይ ጋሼ የራሱን መስመር ጻፈ፤ ሁለት ተኩል። ደብተሩን አይቻለሁ፤ ‹2,5› ነው የሚለው። ሠላሳ ዓመት ትርፍ ዜሮ ጽፎ አያውቅም። ፋይሉ ላይ ያለው ግን ‹2,500› ነው። ስለዚህ ይህ መስመር ምልክቱ የጋሼ ቢሆንም እጁ የጋሼ አይደለም። 1:24 ላይ አንድ ሰው ‹2500ሊ› ብሎ ጻፈ፤ ምልክት ማድረግ ረሳ። ማሽኑ አላነብም አለ። ሰውየው መስመሩ የጠፋ መሰለው፤ አልጠፋም፣ ተቀምጧል።»

ፎርማኑ ቀና አለ፤ መልሶም አቀረቀረ።

«1:27 ላይ የጋሼን ምልክት አድርጎ፣ ሊትሩንም ከቁጥሩ አራርቆ ‹2,500 ሊ› ጻፈ። ማሽኑ የጋሼ ኮማ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ሁለት ተኩል አለ። ሰውየው ተበሳጨ። ከዚያ ዘዴው መጣለት። 1:31 ላይ ቁጥሩን ሳይነካ ምልክቱን ብቻ ቀየረ፤ የእትዬ ሺን ምልክት አደረገበት። የእትዬ ኮማ ሺ ነው። ሁለት ሺህ አምስት መቶ! ቁልፉ ከተጫነ በኋላ ምልክቱን ወደ ጋሼ መለሰው። እንግዲህ መስመሩን ያየ ሁሉ ‹ይኸው ሁለት ተኩል ተጽፎ ማሽኑ አሳሳተው› ይላል። ተባለም፤ ሪፖርቱም ተጻፈ።»

«የእኔን ምልክት?» እትዬ ሺ ከወንበሯ ተነሳች። «በእኔ ስም? ኧረ እኔ…»

«ይቀመጡ እትዬ። እርስዎ ቢሆኑ ሦስት ጊዜ ባልሞከሩ ነበር። በቀን ሃያ ጊዜ ምልክትዎን የሚያደርጉ ሰው ነዎት። ይህች ልጅ ብትሆንማ ንባቡ እንደሚመዘገብ ታውቃለች፤ 1:36ን አትተውልኝም ነበር። ሥራ አስኪያጃችን ደግሞ…» አንድ ወረቀት አነሳች። «ቁጥሩን ጻፉ ስላቸው ‹ሁለት ሊትር ተኩል ገደማ› ብለው በፊደል ጽፈውልኛል።»

እትዬ ሺ ሳቀች፤ ወዲያው አፏን ያዘች። ሥራ አስኪያጁ ቀላ።

«የሁለት ዓመት ያልተነበቡ መስመሮችን ቆሜ አነበብኳቸው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሰው እንደ ፊቱ አጻጻፍም አለው። አንድ ሰው አለ፤ ቁጥሩን ሁልጊዜ ከሚዛኑ ላይ ስለሚገለብጥ ከኮማው በኋላ ሦስት አሃዝ ሞልቶ ይጽፈዋል፤ ሊትሩንም ክፍተት ሳይተው ከቁጥሩ ጋር ያጣብቀዋል። ‹2,500ሊ›፣ ‹12,000ሊ›። ከሦስት መቶ አርባው መስመር ሦስት መቶ አሥራ አንዱ የእሱ ነው። የዛሬው የ1:24 መስመርም እንደዚያው የተጣበቀ ነው።» ሌላ ወረቀት አነሳች። «ዛሬ ግን እንደለመድከው ጻፍ ስለው ይኸው፤ ‹2.5 ሊ›። ነጥብ፤ ዜሮ የለ፤ ክፍተቱ ደግሞ በሬ ያሳልፋል። ሌሎቻችሁ ሁላችሁም እንደ አመላችሁ ጻፋችሁ። አንድ ሰው ብቻ አጻጻፉን ደበቀ። ሁለት ዓመት ያልቀየርከውን ዛሬ ለምን ቀየርከው፣ ወንድሜ?»

ፎርማኑ አልተንቀሳቀሰም። «አጻጻፍ ሰው አይገድልም» አለ።

«አይገድልም። ብሬከር ግን ያግዛል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው እንደነገረኝ ብሬከር በራሱ ሲወድቅ መሃል ላይ ነው የሚቆመው። ይህ እስከ ታች ወርዷል፤ በእጅ ነው የወረደው። ደግሞ ጨርቅህ እርጥብ ነበር። ደወሉ ሲጮህ ይህች ልጅ በግማሽ ደቂቃ ደረሰች፤ አንተ ግን ታጥቀህ፣ ገብተህ፣ ጎትተህ እየወጣህ ነበር። ቧንቧው ከግቢው ማዶ ነው፤ ሄጄ ለካሁት፤ ደርሶ መልስ ሁለት ደቂቃ ነው። ጨርቁን ያራስከው ደወሉ ከመጮሁ በፊት ነው። ጀግና መባልንም አስበህበት ነበር።»

ፎርማኑ የተናገረው ለኢንስፔክተሯ አልነበረም። ቀይ ዓይኑን ፕሮግራመሯ ላይ ተከለ።

«ማሽንሽ የጋሼን ታነባለች» አለ። «የእትዬን ታነባለች። የሥራ አስኪያጁን ‹ገደማ› እንኳ ታነባለች። እኔ ጠዋት ጠዋት ወረፋ ይዤ ሰው ሁሉ እያየኝ ‹አልተነበበም›። ‹እህቴ ነይ፣ አላነበበኝም› እያልኩ ስጠራሽ እነዚያ ጭነት የሚጭኑ ልጆች ከኋላዬ ይስቃሉ። ለእኔም አንባቢ ሥሪልኝ ብዬሽ ነበር ወይስ አላልኩሽም?»

«ብለኸኛል» አለች ፕሮግራመሯ። ድምፅዋ አይሰማም።

«ሦስት ጊዜ ነው ያልኩሽ።»

«ጋሼ ተይው አለኝ። ክፍተት መተው ይማር፣ ትልቅ ሰው ነው አለኝ።»

«መሥራቱ ስንት ቀን ይፈጅብሽ ነበር?»

ጥፍሯን ወደ አፏ አስጠጋች፤ ሳትነክሰው አወረደችው።

«ግማሽ ሰዓት» አለች።

ፎርማኑ ራሱን ነቀነቀ፤ አንድ የቆየ ሂሳብ የተስማማለት ሰው ይመስል። ከዚያ ተነስቶ ሁለት እጁን ወደ በሩ ዘረጋ። ፖሊሶቹ ገብተው ወሰዱት። የእግሩ ድምፅ ኮሪደሩ ላይ እየራቀ እየራቀ ሄደ።

መጀመሪያ የተናገረው ሥራ አስኪያጁ ነው። ሪፖርቱን አራት ቦታ ቀደደና ኪሱ ውስጥ ከተተው። «እንግዲህ…» አለ፣ ጉሮሮውን እየጠረገ። «ይቅርታ ልጠይቅሽ ይገባል። ማሽኑ ምንም ጥፋት የለበትም። ሰኞ እናስነሳዋለን፤ አንቺም በቦታሽ ትቀጥያለሽ፤ የጋሼን ደብተርም…»

«እልል ማለት ነበር የሚገባን፣ ለቅሶ ባይሆን!» አለች እትዬ ሺ፤ እጇን ዘርግታ ልጅቷን ልታቅፍ ተነሳች። «የኔ ልጅ፣ ንጹሕ ነሽ! አልገደልሽም! ሰማሽ?»

ፕሮግራመሯ ተነሳች። እትዬ ሺን አላቀፈቻትም፤ አልገፋቻትምም። በጎኗ አለፈች።

«ልጄ» አለች ኢንስፔክተሯ፤ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስባ ለመቀመጥ ጎንበስ ብላ ነበር። «ወዴት ነው? ቃልሽን መቀበል ይቀረኛል፤ አሁን እኮ ነፃ ነሽ።»

ፕሮግራመሯ ዞር ብላ አየቻት፤ «ግማሽ ሰዓት ነበር እኮ» አለቻት። በሩን ከፈተች፤ ወጣች።